ሥርዓት ለናፈቃቸው የቀረበ ምክር

ውድ አንባቢ፣ «ይህን ሕዝብ የሚያስተካክለው ወታደር ብቻ ነው» ሲሉ ሰምቼዎታለሁ። አልከራከርዎትም። ነገር ግን ሥርዓት በምኞት ብቻ አይመጣምና ሰውነትዎን ከወዲሁ ያሰናዱ። የምመክርዎት ሁሉ በደርግ 17 ዓመት ተፈትኖ ያለፈ ነው።

በግራ ክንድዎ ይጀምሩ። ቀኝ እጅ ለጉርሻ ይቆይ፤ መፈክር የሚባለው ግራ ጡጫ ወደ ላይ ተነሥቶ ነው። «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት!» ተብሎ ሳያልቅ እጁ የወረደ ሰው «አድኃሪ» ሊባል ይችላልና፣ ጠዋት ጠዋት ውሃ የሞላ ባልዲ በግራዎ ማንሳት ይለማመዱ። ትከሻዎ ሲዝል የጎረቤትዎን ጡጫ ሰረቅ አድርገው ይዩ፤ እሱም የእርስዎን እያየ ነው።

ቀጥሎ ሆድ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የተቋቋመው ቀበሌ ስብሰባውንም ስኳሩንም በእጁ ይዞ ነበር። ከስብሰባ የቀረ ሰው በራሽን ሱቅ ደጃፍ ፊት ቢነሡት ማንን ይከሳል? እንግዲህ ወይ ቡናዎን ያለ ስኳር ይልመዱ፣ ወይ አግዳሚ ወንበር ላይ ዓይን ገልጦ መተኛትን። ሁለተኛው ይሻላል፤ ያጨበጭቡበታልም።

ስለ ሰዓት እላፊ ብዙ አልልም። ባለቤትዎ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ምጡ በቀን እንዲመጣ ይምከሯቸው። ጆሮዎ ደግሞ በሌሊት የመኪና ሞተር ደጃፍ ላይ ሲጠፋና ሲያልፍ ለይቶ ማወቅ አለበት፤ ይህን ማንም ሳያስተምርዎት ይችሉታል።

ዋናው ነገር የልጅዎ ቁመት ነው። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የሚጠራው ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ነበር፤ ስድስት ወር ሥልጠና፣ ከዚያ ሁለት ዓመት አገልግሎት። አፈሳ ግን አዋጅ አያነብም። ከኳስ ሜዳ፣ ከገበያ፣ ከአውቶቡስ ላይ ልጅ ሲለቅም የልደት ቀን አይጠይቅም፤ የሚያየው የትከሻውን ስፋትና ከላይኛው ከንፈር ላይ ያቀመቀመውን ጢም ነው። ስለዚህ ልጅዎ 15 ዓመት ሲሞላው ማደጉን እንዲያቆም በትሕትና ይንገሩት። እንቢ ካለ ምላጭ ይግዙለት፤ ቁምጣ ያልብሱት፤ ጎበጥ ብሎ መራመድ ያስተምሩት። «ልጅሽ አደገልሽ!» ተብላ የምትመረቅ እናት በዚያ ዘመን «ኧረ ምኑ አድጎ፣ ገና ሕፃን ነው!» ብላ ትከራከር ነበር።

መኝታውንም ከአልጋ ላይ ወደ አልጋ ሥር ያዛውሩለት። የአልጋ ልብሱ መሬት እስኪነካ ይውረድ፤ ከፊቱ የጤፍ ጆንያ ይቁም። ሳል ካለበት ማርና ሎሚውን ከመምሸቱ በፊት ይስጡት። በር ሲንኳኳ እንዳይሮጡ። ነጠላዎን አስተካክለው፣ «ማነው?» ብለው፣ ቀስ ብለው ይክፈቱ። የሮጠች እናት ልጅ እንዳላት ያስታውቅባታል።

ውጤቱስ? ሠራዊቱ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ተጠጋ፤ በአፍሪካ ከትልልቆቹ አንዱ ነበር። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ግን ደርግን የጣሉት ጎፈሬያም ታጋዮች በቁምጣ አዲስ አበባ ገቡ፤ ከተማውም ደግሞ እነሱን አይቶ መቆምና መራመድ ለመደ። የተበተነው ወታደር ልብስ የሚቀይርበት አጥቶ፣ በዚያው የደንብ ልብሱ መንገድ ዳር ቆሞ ለመነ። እግሩን ግንባር ላይ ትቶ የመጣም ነበረበት። ያን ሁሉ ጊዜ ተጠንቀቅ ያለ አካል «አሳርፍ» የሚለው አዛዥ አላገኘም።

እንግዲህ ፍላጎትዎ ጽኑ ከሆነ አላግድዎትም። ምዝገባውን ግን ከጎረቤት ሳይሆን ከራስዎ ቤት፣ በትልቁ ልጅዎ ስም ይጀምሩ።