ፎቁ ይቅርብን፣ እንሰቱን ስጡን

ዲላም ይሁን ይርጋጨፌ፣ «ስለ ከተማው ፕላን ኑ እንወያይ» የተባለ ቀን ለቀበሌ ስብሰባ እግሩን የማያነሳው ባለግቢ ሁሉ ኮቱን ደርቦ የፊት ወንበር ይይዛል። «ውስጥ ለውስጥ ባሉት ሰፈሮችም ፎቅ ይፈቀድ፤ በአንዱ ግቢ አራት አባወራ ይኑርበት» የሚል ሐሳብ ከተሰነዘረ አዳራሹ ይታመሳል። ፎቅ ፀሐይ ይጋርዳል። ከፎቅ ላይ ያለ ሰው የሰው ጓሮ ያያል። ፎቅ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ይሰበስባል፤ ዕድሩ ይላላል፤ የሰፈሩ ጨዋነት ይጠፋል። እኔም ከተቃዋሚዎቹ ጎን ነኝ። የጨዋ ሰው ወጉ ከራሱ በላይ ሰው አለማስቀመጥ ነውና።

«ታዲያ ቤት ፈላጊው የት ይግባ?» ቢባል መልሱ አይዘገይም፦ ከተማው ይስፋ! ወዴት? ወደ ገበሬው ነዋ። እዚህ ላይ ይጨበጨባል።

ተጠጋግቶ መኖር ምን ያህል አስከፊ እንደሆነ ባለግቢው ከማንም በላይ ያውቃል። ከትልቁ ቤት ጀርባ ዞር በሉ። በአንድ ቆርቆሮ ሥር የተደረደሩ ስምንት «ሰርቪስ» ክፍሎች ታያላችሁ፤ በአንዱ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሌላው አስተማሪ ከነቤተሰቡ፣ በሌላው የቡና መጋዘን ሠራተኞች። ለሁሉም አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ። ሰውየው ጥግግትን የሚቃወመው በስሚ አይደለም፤ በየወሩ ኪራይ እየተቀበለ በቅርብ አጥንቶታል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ አራተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን መሸከም እውነተኛ ችግር ነው፤ እሱን ግን አንስቶ የተከራከረ አልሰማሁም።

እስቲ አሁን ከተማው ይሰፋበታል ወደሚባለው ገጠር እንውጣ። ከይርጋጨፌ ወጣ ብላ ያለችው ኮንጋ ስሟ በቡና ከረጢት ላይ ባሕር ተሻግሯል። የዚያ አገር ገበሬ ፎቅ አይፈራም። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ መሬቱ ላይ ጎደሬና ጎመን። ጂ+3 ነው፤ ሊፍት ብቻ ይጎድለዋል። ቡናው «ዋንዛው ጋረደኝ» ብሎ ፊርማ ሲያሰባስብ አልታየም፤ እንዲያውም ጥላውን ይፈልገዋል። በ1999ኙ ቆጠራ በጌዴኦ ዞን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 700 ያህል ሰው ይኖር ነበር። ይህ ሁሉ ሕዝብ ደኑን ሳይጨርስ ቆጮውንም ቡናውንም ከአንዲት ጓሮ ያወጣል። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ያደነቀው ይህንኑ ተደራርቦ የመኖር ጥበብ ነው። ስለ ከተማችን ቆርቆሮ አጥር አንድ መስመር አለመጻፉ ቅር አሰኝቶናል።

የከተማ ፕላን አዋጁ ለመዋቅራዊ ፕላን የ10 ዓመት ዕድሜ ሰጥቶታል። በየ10 ዓመቱ ወሰኑ ትንሽ ገፋ፣ ትንሽ ገፋ። ቀያሹ ጫፉን ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ይዞ መጥቶ እንሰት መሐል ይተክላል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ጓሮው «ክፍት ቦታ» ይባላል። ደላላው ግን ከችካሉ ቀድሞ ደርሷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል፤ ደላላውም ሕግ አክባሪ ስለሆነ አይሸጥም፣ «ያስማማል» እንጂ። በሳምንቱ ቡናው ተመንጥሮ ጨረቃ ቤቱ ቆሟል።

ካሳ የለም እንዳይባል ደግሞ አለ። በ1997ቱ አዋጅ የገበሬው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ይባዛ ነበር፤ በ2011ዱ አዋጅ ከሦስት ዓመት ውስጥ የተሻለው ተመርጦ በ15 እንዲባዛ ተደረገ። ከአያቱ የተቀበለውን ቡና ለልጅ ልጁ ሊያወርስ ያሰበ ሰው እስከ አሥራ አምስት መቁጠር ተማረ ማለት ነው።

ገበሬው «አልፈልግም» ያለ እንደሆነስ? ስሙ «የልማት እንቅፋት» ይሆናል። ባለግቢው ፎቁን «አልፈልግም» ሲል ግን ቃለ ጉባኤው ላይ የሚሰፍረው «የነዋሪው ንቁ ተሳትፎ» ተብሎ ነው። የገበሬ እምቢታ ሰሚ ካጣ ምን እንደሚያስከትል የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን አሳይቶናል፤ በ2006 ተቃውሞ ገጠመው፣ በ2008 እንደገና፤ በጥር 2008 መሰረዙ ሲነገር ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ነበር። በጌዴኦም በ1952 ሚችሌ ላይ ገበሬው ከባለርስት ጋር የተጋጨው በዚሁ በመሬት ነገር ነው። የኛ ተሰብሳቢዎች ግን ታሪክ ለማውራት ጊዜ የላቸውም፤ ሻይ ቡና ቀርቧል፤ ቡናው የይርጋጨፌ ነው።

ካሳው ሲያልቅ ገበሬው ቤት ፍለጋ ከተማ ይገባል። ደላላው ወስዶ ከባለግቢው ጓሮ፣ ዘጠነኛ ሆና የተቀጠለች ክፍል ያሳየዋል። ደንቡ በሩ ላይ ይነገረዋል፦ የሦስት ወር ቅድሚያ፣ ማታ ሦስት ሰዓት በር ይቆለፋል፣ እንግዳ ማሳደር ክልክል ነው፣ ልጅ ካለ ዋጋው ይጨምራል። ግቢው ውስጥም ምንም ነገር መትከል አይፈቀድም።