ግማሽ ድልድይ አንቀበልም

ኦክላንድ አድሮ ሳን ፍራንሲስኮ የሚሠራ አበሻ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ቡና ተፈልቶ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው የቤይ ብሪጅ ድልድይ ነገር ሳይነሣ አይቀርም። እኔም «ለአውቶቡስ የራሱ መስመር፣ ለብስክሌት እስከ ማዶ የሚያደርስ መንገድ ይሰጥ» ባልኩ ቁጥር ተቃዋሚው ይበዛብኛል። ይኸው መልሴ።

«ድልድዩ የተሠራው ለመኪና ነው!»

ማን አለ? እ.ኤ.አ. በ1936 ሲከፈት የታችኛው ወለል ለሁለት ሐዲድ ቦታ ነበረው። ከ1939 እስከ 1958 ባቡር በላዩ ተመላልሶበታል። ከዚያ በኋላ ነው ሐዲዱ ተነቅሎ ቦታው ለመኪና የተሰጠው፤ ዛሬ በየአቅጣጫው አምስት አምስት መስመር አለ፣ አንዱም ለአውቶቡስ ብቻ አልተለየም። እና የምንጠይቀው የተወሰደብንን ነው።

«ባርት አለልህ አይደል? ባቡሩ በባሕር ሥር ያሻግርሃል።»

ባርትን ማን ጠላ! ከ1974 ጀምሮ ባለውለታችን ነው። ግን እኩለ ሌሊት ገደማ ይቆማል። የሆቴል ወጥ ቤት አጥባ፣ ወለል ወልውላ ሌሊት የምትወጣው እህታችን የምትጠብቀው 800 ቁጥር አውቶቡስን ነው፤ እሱም የሚሻገረው በዚሁ ድልድይ ነው። ደግሞ የባርት ጣቢያ በሁሉም ሰው ደጅ አይደለም። የሰፈሩን ሰው ለቅሞ የሚያሻግረው አውቶቡስ ነው።

የአውቶቡሱን ጉዞ ደግሞ ልብ በሉልኝ። ጠዋት ከክፍያው በር በፊት ሰብሰብ ብለው ለሚሄዱ በተለየ መስመር ቶሎ ያልፋል። ማዶ ሲደርስ ቀጥታ ወደ አውቶቡስ ተራው የሚያስገባ የራሱ መወጣጫ ይጠብቀዋል። መሐል ላይ፣ ድልድዩ ላይ ግን፣ አንድ ሰው ብቻ ከያዘ መኪና ኋላ ተሰልፎ ይንፏቀቃል። ከኋላው መንገድ፣ ከፊቱ መንገድ፣ መሐሉ ላይ ምንም! ይህን ማን ያጸድቀዋል?

«አንድ መስመር ከተወሰደብን ትራፊኩ ይገድለናል።»

ጋሼ፣ አሁን ማን እየገደለዎት ነው? አምስቱም መስመር ክፍት ሆኖ አይደለም እንዴ ቆመው የሚያረፍዱት? አውቶቡስ ውስጥ ያለው ሕዝብ አውቶቡሱ ዘገየብኝ ብሎ በየግሉ መኪና ይዞ ቢወጣ የሚቆመው ከፊትዎ ነው። የአውቶቡስ መስመር ከእኔ ይልቅ የሚጠቅመው በመኪና እንጀራ የሚበላውን ሰው ነው፤ መንገዱ ሲቀልለት ምልልሱ ይበዛለታል።

«አውቶቡስና ባቡር መኪና ለሌለው ነው።»

ጥቅምት 1989 የት ነበሩ? የምድር መንቀጥቀጡ ከላይኛው ወለል አንዱን ክፍል ጥሎት ድልድዩ አንድ ወር ያህል ሲዘጋ ባለ መርሴዲሱንም ባለ ባዶ እግሩንም ያሻገሩት ባርትና ጀልባ ናቸው። ባርት ያን ጊዜ ሌት ተቀን ነው የሠራው። በክፉ ቀን የደረሰን በደህና ቀን መናቅ ነውር ነው።

ወደ ብስክሌቱ ልምጣ። የድልድዩ ምሥራቃዊ ክፍል በ6.4 ቢሊዮን ዶላር እንደ አዲስ ተሠርቶ በ2013 ሲከፈት ጎኑ ላይ ከአራት ሜትር ተኩል በላይ ስፋት ያለው የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተሰጠው። እሰይ ብለናል። ባሕሩን በግራ፣ መኪናውን በቀኝ አድርገህ ስትነዳ ዬርባ ብዌና ደሴት ትደርሳለህ፤ እዚያ ላይ መንገዱ አለቀ። የሳን ፍራንሲስኮ ፎቆች ፊት ለፊት ቆመዋል፣ የቀረው ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የምዕራቡ ክፍል ግን ለብስክሌት አይሆንም። ሰርግ ጠርቶ ከድንኳኑ ደጃፍ መመለስ ይሏል ይህ ነው። «ከደሴቱ ጀልባ አለ» የሚለኝ አለ። ባለመኪናው መሐል መንገድ ላይ ወርዶ ጀልባ ጠብቅ ቢባል እሺ ይላል?

«ነፋሱ ይጥልሃል።»

የምሥራቁ ነፋስ ዘመዴ ነው እንዴ? ጎልደን ጌት ከውቅያኖሱ አፍ ላይ ተዘርግቶ በየቀኑ ብስክሌተኛ ያሻግራል።

«ወጪውስ?»

ይህኛው የምር ጥያቄ ነው። የምዕራቡ ክፍል በገመድ የተንጠለጠለ ስለሆነ ጎኑ ላይ መንገድ መጨመር ክብደት መጨመር ነው፤ በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ገንዘብም ይፈልጋል። ከባድ መሆኑን አልክድም። የአውቶቡሱ መስመር ግን ቀለም፣ ምልክትና ደንብ የሚያስከብር ሰው ነው የሚፈልገው። በእሱ ይጀመር! ብስክሌቱም ዕቅዱ ከመደርደሪያ ወርዶ በጀት ይያዝለት።

ድልድዩን የሚያስተዳድረው የክፍለ ግዛቱ ካልትራንስ ነው፤ የመሻገሪያው ክፍያ ጉዳይ ደግሞ በሜትሮፖሊታን ትራንስፖርት ኮሚሽን በኩል ነው የሚወሰነው። የኮሚሽኑ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው። እናንተ በሌሊት የምትሻገሩ፣ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ቆማችሁ የምትሄዱ፣ ቡና ላይ የምትነግሩኝን ሄዳችሁ እዚያ ተናገሩ።