የእናት ግልምጫ፦ የዓይን አስተዳደግ ሳይንሳዊ ዳሰሳ

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳያና ባውምሪንድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ሆነው ወላጆችን ሦስት ቦታ መደቡ፦ በትእዛዝ ብቻ የሚያሳድግ፣ እያስረዳ የሚቆጣጠር፣ ልጁን የሚለቅ። እ.ኤ.አ. በ1983 ተመራማሪዎቹ ማኮቢና ማርቲን አራተኛውን፣ ልጁን ዞር ብሎ የማያየውን፣ ጨመሩበት። ምደባው የተከበረ ነው። ሆኖም አንዲት የአዲስ አበባ እናት ልጇን አስከትላ ለፋሲካ ዘመድ ጥየቃ ስትገባ ተመራማሪዎቹ አብረዋት የገቡ አይመስለንም። ቢገቡ ኖሮ አራቱንም ወላጅ አንድ ሶፋ ላይ፣ በአንድ ነጠላ ተከናንበው ባገኟቸው።

ክስተቱ እንዲህ ነው። የቤቱ እመቤት ዶሮ ወጥ አቅርባ «ብላ እንጂ የኔ ጌታ» ትላለች። ልጁ እጁን አይዘረጋም፤ የእናቱን ፊት ያነባል። የእናት አፍ «ብላ እንጂ ማሙሽ፣ ምን ያሽኮረምምሃል?» ይላል። ዓይኗ በዚያው ቅጽበት ተቃራኒውን መመሪያ ያስተላልፋል። ልጁ ገና ሀሁ አልቆጠረም፤ ሁለት መመሪያ ሲጋጭ የበላዩ የትኛው እንደሆነ ግን አይጠፋውም። (ብዙ መሥሪያ ቤቶች ይህን እስካሁን አልፈቱትም።) «በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። አልበላም።

አፏን ያመነ ልጅ እንቁላሉን ያነሳል። ወዲያው ጭኑ ላይ፣ ከነጠላው ሥር፣ ቁንጥጫ ያርፋል፤ እናት በዚህ ጊዜ ፊቷ ፈገግ እንዳለ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እያወራች ነው። ካልበቃ ጆሮው ሥር «ቤት እንገናኝ» ትለዋለች። ከዚያ በኋላ ያለው የታክሲ ጉዞ የልጁን የማሰላሰል አቅም በእጅጉ ያዳብራል።

የአባት ሚና አነስተኛ ነው። «ቆይ አባትህ ይምጣ» በሚለው አዋጅ ቀኑን ሙሉ በሌለበት ያስተዳድራል፤ ማታ ደክሞት ሲገባ በስሙ ምን እንደተፈረደ አያውቅም።

የሕግ ማዕቀፉን በተመለከተ፣ የ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ይጠብቃል። ስለ ዓይን ያለው ነገር የለም። አርቃቂዎቹም እናት የነበራቸው በመሆኑ ዝምታው ታስቦበት ሳይሆን አይቀርም።

የሴት አያት መገኘት ውጤቱን ያዛባል። «ተይው፣ ልጅ አይደል!» ብላ እንቁላሉን ራሷ ታጎርሰዋለች። ያችኑ እናት በልጅነቷ ስትቆነጥጥ የኖረችው እጅ ይህችው ናት፤ የአራቱ ምድብ ንድፈ ሐሳብ ለዚህ ማብራሪያ የለውም።

የረጅም ጊዜውን ውጤት ለማየት ሠርግ ቤት መቀመጥ ይበቃል። በዓይን ያደገው ጎልማሳ ወልዶም፣ መኪና ገዝቶም፣ «ይጨመርልህ?» ሲባል «ኧረ በቃኝ!» ይላል፤ ተለምኖ ተለምኖ ሲጎርስም በጎን ወደ እናቱ ጠረጴዛ ያማትራል። አያት ያሳደገችው እኩያው ሳህኑን ወደ ራሱ ስቦ ሥጋውን እየመረጠ ነው። በጨዋነት መለኪያ የመጀመሪያው በሰፊ ልዩነት ይመራል። በጥጋብ መለኪያ የተገኘው ውጤት ግን እናቶች አይተው እስኪያጸድቁት ድረስ ይፋ አይሆንም።