የኔታ እርኩምና የጃርት ልጅ

ተረት ተረት። የላም በረት።

በድሮ ዘመን በአባይ በረሃ አፋፍ ላይ አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር። ከጥላው ሥር የእንስሳት ልጆች ሁሉ እየመጡ ከየኔታ እርኩም ይማሩ ነበር። የጭላዳ ልጅ ከአፋፉ፣ የሰስ ልጅ ከገደሉ ጫፍ፣ የጃርት ልጅ ደግሞ ወንዙ ከሚያገሳበት ከታች በረሃ ሁለት ቀን ተጉዛ ትመጣለች። ዋርካው ፍሬውን ሲያረግፍ የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅም። ሁሉም ያንኑ ፍሬ ይበላሉ፤ በአንድ ጥላ ይተኛሉ፤ ጨረቃ ስትወጣ በአንድ ብርሃን ያጠናሉ። ጭላዳ ያልገባውን ከጃርት ይጠይቃል፤ ጃርትም ያመለጣትን ከጭላዳ ትሰማለች። ማን ባለጸጋ፣ ማን ድሃ እንደሆነ የሚታወቀው ለዕረፍት ወደየቤታቸው ሲበተኑ ብቻ ነበር።

አንድ ዓመት ክፉ ሳል ገባ። አንዱ ሲያስል አጠገቡ ያለው ይታመማል። ንጉሡ አንበሳ ሸንጎ ጠርቶ፣ «ልጆቹ እንዲህ ተጠጋግተው ከተቀመጡ ያልቃሉ፤ ሁሉም ወደ እናት አባቱ ቤት ይሂድ» ብሎ አወጀ። ውሳኔው ትክክል ነበርና ማንም አልተቃወመም። ወራት አለፉ፤ ሳሉ ግን አልጠፋም። ያን ጊዜ እመት ጦጢት ብድግ ብላ፣ «ጃንሆይ፣ የየኔታ ድምፅ እንደ ነጋሪት ነው። እሳቸው አፋፉ ላይ ቆመው ያስተምሩ፤ ልጆቹም በያሉበት ሆነው ይስሙ» አለች። ሸንጎው እሰይ አለ። የኔታም፣ «ድምፄ ገደል ይሻገራል» አሉ።

በማግስቱ ትምህርት ተጀመረ። የጭላዳ ልጅ ሳሩ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ እየሞቀ ሰማ። ያመለጠውን «ይድገሙልኝ» ይላል፤ የኔታም ይደግሙለታል።

የጃርት ልጅ ግን ከጉድጓዷ ደጃፍ ብትቀመጥ የሰማችው የወንዙን ጩኸት ብቻ ነው። ክረምት ገብቷል፤ አባይ ሞልቷል። ድምፁን ፍለጋ ሽቅብ ወጣች። ግማሽ ቀን ከተጓዘች በኋላ አንድ ጥቁር ድንጋይ አገኘች። ድንጋዩ ላይ ቆማ አንገቷን ወደ ምሥራቅ ስታዘም ድምፁ ይመጣል፤ ትንሽ ዞር ካለች ይጠፋል። እንደዚያ ተጠማዛ፣ እግሯ እየደነዘዘ፣ ዝናቡ በእሾኋ ላይ እየወረደ አዳመጠች። «... ሥሩ ...» ይላል ድምፁ። ቆይቶ «... ስለዚህ ...» ይላል። በመካከሉ ያለውን ነፋስ ወሰደው። ሲመሻሽ ደግሞ አያ ጅቦ በዚያ መንገድ ስለሚያልፍ፣ ትምህርቱ ሳያልቅ መውረድ አለባት። ከመውረዷ በፊት በጥፍሯ ድንጋዩን አንድ ጊዜ ትጭራለች፤ ቀኑን መቁጠሯ ነው።

ቁራ አያትና፣ «እኔ አፋፍና በረሃ የምመላለስ ነኝ። የየኔታን ቃል ላምጣልሽ፤ ዋጋዬ ለአንድ ቃል አንድ ፍሬ እህል ነው» አላት። እናቷ ለክፉ ቀን ካስቀመጠችው ላይ ቆንጥራ ሰጠችው። ቁራም ጥቂት ቀን አመላለሰ። እህሉ ያለቀ ዕለት ግን የጀመረውን ቃል ከመሃል ቆርጦ በረረ። የቁራ መልእክተኛ ሆነና በዚያው ቀረ።

ያን ማታ እናቷ፣ «ልጄ፣ ትምህርትሽን ጠልቼ አይደለም። ታናናሾችሽ ግን አልበሉም። ሌሊት አብረሽኝ ካልቆፈርሽ ምን እናቀምሳቸዋለን?» አለቻት። ልጅቷ ምንም ሳትናገር ተነሣች። ዋርካው ሥር ተማሪ ነበረች፤ እዚህ ግን የቤት ልጅ ናት። ሌሊቱን ሥር ስትቆፍር ታድራለች፤ ቀን ድንጋዩ ላይ ስትወጣ እንቅልፍ ይጥላታል።

ሳሉ ጋብ ሲል ንጉሡ ሁሉንም ለፈተና ጠራ። የጭላዳ ልጅ አለፈ፤ የጃርት ልጅ ወደቀች። አንበሳም፣ «ለሁሉም አንድ መምህር፣ አንድ ድምፅ፣ አንድ ፈተና ሰጥቻለሁ። የወደቀ በስንፍናው ወደቀ» ሲል ፈረደ።

የጃርት ልጅ እጅ ነሥታ፣ «ጃንሆይ ሺህ ዓመት ይንገሡ! ድምፁ አንድ ነበር። የቆምንበት ቦታ ግን አንድ አልነበረም። ከዋርካው ሥር ሳለሁ ሰንፌ እንደማላውቅ የኔታ ምስክሬ ናቸው» አለች።

የኔታ ይህን ሲሰሙ መልስ አልሰጡም። ልጃቸውን አፋፉ ላይ አቁመው፣ «እኔ ስናገር እንደነበረው ተናገር» ብለውት ቁልቁል ወረዱ። ጥቁሩን ድንጋይ አገኙት፤ ላዩ ላይ ወጥተው አንገታቸውን አዘመሙ። «... ሥሩ ...» ሰሙ። ቆይቶ «... ስለዚህ ...»። እስኪመሽ ጠበቁ፤ ከዚያ በላይ አልመጣም። ወደ እግራቸው ሲያዩ ጭረቶቹን አዩና አንድ በአንድ ቆጠሯቸው። የጃርት ልጅ አንድም የትምህርት ቀን አልቀረችም ነበር።

ተመልሰው ከንጉሡ ፊት ቆሙና፣ «ጃንሆይ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። የራሴን ድምፅ ለካሁ እንጂ የልጆቹን ጆሮ አልለካሁም» አሉ።

አንበሳ ፍርዱን ሻረ። ቁራ ዋጋውን ከንጉሡ ጎተራ ተቀብሎ ለበረሃ ልጆች በነፃ እንዲያመላልስ፣ የየኔታ ትምህርት በዛፍ ቅርፊት ተጽፎ እንዲወርድላቸው፣ ድምፁ በሚደርስበት ቦታ ሁሉ ዝናብና ጅብ የሚከለክል መጠለያ እንዲሠራ አዘዘ። ዋርካው ሲከፈትም ድምፅ ያልደረሳቸው አስቀድመው ይግቡ፤ ፈተናውም እነሱ ተምረው እስኪጨርሱ ይቆይ አለ። በሚቀጥለው ፈተና የጃርት ልጅ አለፈች።

የእኛ ሳል የመጣው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገለጸበት ቀን። ብዙም ሳይቆይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ተመለሱ። ያኔ ነው ካፌው፣ ዶርሙ፣ ላይብረሪውና የማታ መብራቱ ዋርካ እንደነበሩ የገባን። ሃንድአውቱ በቴሌግራም ተላከ። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ የወጣ፣ ፋይሉ ወርዶ ሳያልቅ ፓኬጁ ያለቀበት፣ ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ ከተማ ድረስ በእግሩ የሄደ ተማሪ የዚያን ጥቁር ድንጋይ ቅዝቃዜ ያውቀዋል። በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቆይ አፋፉ ላይ ያለውም አልሰማም። በትግራይ ደግሞ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ብዙው ሰው ያለ ኢንተርኔት ኖረ።

ሳሉ አለፈ፤ በኢንተርኔት መማር ግን እየሰፋ ነው፤ መስፋቱም መልካም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂው ሁሉ በአገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይመዘናል። ሚዛኑ አንድ ከሆነ መንገዱም ለሁሉም ይጠረግ። ትምህርት ወደ ቤት ሲገባ የቤቱ ድህነትም አብሮ ወደ ትምህርቱ ይገባልና። እናንተ መምህራን፣ «ኦንላይን ግቡ» ከማለታችሁ በፊት ተማሪያችሁ የት ቆሞ እንደሚሰማችሁ ጠይቁት። እናንተ ባለሥልጣናት፣ ሰነፍ ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ወርዳችሁ ጭረቱን ቁጠሩ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።