«ፎርማት አድርገው!» ለምትሉ

ላፕቶፕ ድምፅ አላወጣ ሲል «ፎርማት አድርገው!» ፕሪንተር አልታይ ሲል «ፎርማት አድርገው!» ሰሞኑን ደግሞ አንድ የሰፈራችን ልጅ አርዱዪኖ ቦርዱን ኡቡንቱ 22.04 የተጫነበት ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ አልሠራ ቢለው፣ ይህንኑ ምክር ተሸክሞ መጣ።

«ጋሼ፣ ፎርማት ላድርገው?»

«ቁልፍ ቢጠፋብህ ቤት ታፈርሳለህ?»

«ኮምፒዩተሩ እኮ ቦርዱን አያየውም።»

«አላየሁም ብሎሃል?»

«አልጠየቅኩትም።»

«ሳትጠይቅ ፈረድክ በለኛ!»

የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሊኑክስ የደረሰበትን ሁሉ ይመዘግባል፤ ማን ተሰካ፣ ማን ተነቀለ፣ ማን ማንን አስወጣ። መዝገቡን ለማየት ተርሚናል ከፍቶ «ሱዶ ዲሜሴጅ» ብሎ መጻፍ ነው። ከኋላው ሰረዝና ደብልዩ ከተጨመረበት ደግሞ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር እዚያው ያሳያል። ይህች የሁለት ደቂቃ ጥያቄ ተንቃ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንት የቤተሰብ ፎቶ ተሰርዞ ቀርቷል!

አስከፈትኩትና ገመዱን ሰካ። አንዲት መስመር አልተጨመረችም።

«አዩልኝ ጋሼ፣ አላየውም!»

«ምንም አልደረሰኝም ነው ያለህ። ገመዱ የምንድነው?»

«የስልክ ቻርጀር።»

«ቀይረው።»

«የቦርዱ መብራት እኮ በርቷል!»

«ያበላ ሁሉ ያናግራል ያለህ ማነው?»

በተለመደው ዩኤስቢ 2.0 ገመድ ውስጥ 4 ሽቦዎች አሉ፤ ሁለቱ ኃይል ያደርሳሉ፣ ሁለቱ መረጃ ያመላልሳሉ። ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ገመድ የመረጃዎቹ ሽቦዎች የሉትም።

ሌላ ገመድ ሰካን፤ መዝገቡ ተንቀሳቀሰ። ቦርዱ «ቲቲዋይዩኤስቢ0» የሚል ስም ወጣለት። ስሙን አንብበን ሳንጨርስ ግን «ተቋርጧል» የሚል መስመር ተከተለ።

«ሞተ!»

«አልሞተም፣ ተባረረ። ማን እንዳባረረው አንብብ።»

«ቢአርኤልቲቲዋይ ይላል።»

እዚህ ላይ ምላሴን እሰበስባለሁ፤ ይህ ስም ሊሰደብ አይገባውም። ቢአርኤልቲቲዋይ ዓይነ ስውራን በብሬይል ማሳያ ኮምፒዩተርን በጣታቸው እንዲያነቡ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። ጣጣው የመጣው ከቁጥር መመሳሰል ነው። «ኤልኤስዩኤስቢ» ብለን ስንጠይቅ የልጁ ቦርድ መታወቂያ 1ኤ86:7523 ሆኖ ተገኘ፤ ሲኤች340 የምትባለው ርካሽ ቺፕ ቁጥር። ይህንኑ ቁጥር የያዘ የብሬይል መሣሪያ ስላለ፣ ፕሮግራሙ ቁጥሩን ሲያይ የራሱ መስሎት ይረከባል። ስንቱ ደህና ቦርድ በዚህ ሰበብ «ተቃጥሏል» ተብሎ ተጥሏል!

«ፕሮግራሙን ልሰርዘው?»

«በዚህ ላፕቶፕ በጣቱ የሚያነብ ሰው አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ሰርዘው። ቢኖር ግን መሣሪያ ሲሰካ ማን እንደሚረከበው በሚወስነው የዩዴቭ ደንብ ላይ ይህን ቁጥር የያዘችውን መስመር ብቻ ትዘጋለህ። ላንተ ቦርድ ሲባል የሰው ማንበቢያ አይነጠቅም።»

ሰረዘው፤ ነቅሎ ሰካው። ስሙ ጸና። «ስክሪን» በሚለው ትእዛዝ ሊከፍተው ሲሞክር ግን ፈቃድ ተነፈገ።

«ላፕቶፑ የኔ፣ ቦርዱ የኔ፣ ከልካዩ ማነው?»

«ጋባዡ ብትሆንም ከዝርዝሩ ላይ ስምህ የለም።»

«በቺሞድ 777 ለሁሉም ልክፈተዋ!»

«ለአንድ እንግዳ አጥር ታፈርሳለህ? ደግሞም ነቅለህ ስትሰካው የቦርዱ ፋይል እንደ አዲስ ስለሚፈጠር አጥሩ ተመልሶ ይቆማል።»

በኡቡንቱ ተከታታይ ወደቦች «ዳያልአውት» በሚባል ቡድን ሥር ናቸው። ስሙ በስልክ መስመር በሞደም ይደወልበት ከነበረው ዘመን የቀረ ነው። በ«ዩዘርሞድ» ራስን ወደ ቡድኑ ማስገባት ይበቃል። እባካችሁ በትእዛዙ ውስጥ ከትልቁ ጂ በፊት ትንሿን ኤ አትርሱ፤ ያለ እሷ ከተጻፈ ወደ አንዱ ቡድን ገባሁ ስትሉ ከሌሎቹ ተጨማሪ ቡድኖች ሁሉ፣ ከሱዶም ጭምር፣ ትወጣላችሁ።

«ገባሁ ጋሼ፣ አሁንም ይከለክለኛል!»

«መቼ ገባህ? ከአካውንትህ ወጥተህ ተመለስ፤ የቡድን ዝርዝር የሚነበበው ስትገባ ነው።»

ወጥቶ ተመለሰ። ተከፈተ፤ ጽሑፉ ግን ጥያቄ ምልክትና የተሰባበረ ፊደል ሆነ።

«ቦርዱ ለፈለፈ!»

«እሱ በ115200 ይናገራል፣ አንተ በ9600 ታዳምጣለህ። ማን ነው የሚለፈልፈው?»

ቁጥሮቹ የቦድ ናቸው፤ ቦድ የሚለው የፍጥነት መለኪያ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው የቴሌግራፍ መሐንዲስ ኤሚል ቦዶ ነው። በተለመደው አሠራር ለአንድ ፊደል 8 የመረጃ ቢት፣ 1 መክፈቻ፣ 1 መዝጊያ፣ በድምሩ 10 ቢት ይሄዳል። ስለዚህ 9600 ማለት በሰከንድ 960 ፊደል ነው። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ፍጥነት ካልተስማሙ ፊደሉ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይለይም።

115200 ብሎ ከፈተው። ቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ 23.4፣ 23.5 እያለ መስመር በመስመር መጣ። ልጁ ብድግ አለ።

«ጋሼ፣ እንዴት ነው የምወጣው?»

«ኮንትሮልና ኤ፣ ከዚያ ኬ፣ ከዚያ ዋይ።»

ደስታው አላስችል ብሎት ሳይዘጋ ገመዱን ነቀለው፤ መልሶ ሰካው። «ቲቲዋይዩኤስቢ0»ን ቢፈልግ የለም። «ጋ—» ብሎ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። «ሱዶ ዲሜሴጅ» ብሎ ጻፈ።

«1 ሆኗል፣ ጋሼ።»