የዱቤ ደብተርና መካከለኛው ቤተሰብ

በአዲስ አበባ መካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ የትኛው እንደሆነ ለመለየት የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች የደመወዝ ልክንና የፍጆታ ወጪን ሲመዝኑ ቢኖሩም፣ በየሰፈሩ ያሉ ባለሱቆች ከዚህ ሁሉ የቀለለ መለኪያ አላቸው፤ እሱም የዱቤ ደብተር ነው። ድሃ ይከፍላል ተብሎ ስለማይታመን ዱቤ አይሰጠውም፤ ሀብታም ደግሞ አስቤዛውን፣ ማለትም የወሩን የምግብና የጽዳት ዕቃ፣ ከሱፐርማርኬት ገዝቶ በመኪናው ስለሚጭን ዱቤ አይጠይቅም። ስለዚህ በደብተሩ ላይ ገጽ የተሰጠው ሰው ወር ጠብቆ የሚገባ ደመወዝ ያለው፣ ያ ደመወዝ ግን ወሩን ጠብቆ የማይቆይለት ዜጋ ነው። ይህ ትርጓሜ በየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ ባይሰፍርም የሚሰጠው ክብር ቀላል አይደለም፤ መታመን ራሱ ሀብት ነውና።

ደብተሩ ሊጠና የሚገባው ሰነድ ነው። ብዙውን ጊዜ ሽፋኑ የተላጠ የተማሪ ደብተር ሲሆን፣ ከክብሪትና ከሻማ ካርቶን ኋላ ይቀመጣል፤ ባለዕዳዎቹም የሚመዘገቡት በመታወቂያ ስማቸው ሳይሆን «የማሙሽ እናት»፣ «መምህሩ 3ኛ ፎቅ»፣ «አረንጓዴ በር» እየተባለ ነው። ከዚያ ሥር ዳቦ፣ ዘይት፣ ኦሞ፣ የቲማቲም ድልህና የሞባይል ካርድ ከባለሱቁ በቀር ማንም ሊያነበው በማይችል ጽሕፈት ይደረደራሉ። ዱቤውን ለማምጣት የሚላከው ልጅ ነው፤ ባለሱቁ «ያለፈውስ?» ብሎ ልጅን ማፋጠጥ ይከብደዋል፣ ቢያፋጥጠውም ልጁ «አባዬ ይመጣል ብሏል» ከማለት ያለፈ ሥልጣን የለውም። አባወራው በበኩሉ ከወሩ 20ኛ ቀን በኋላ ወደ ቤቱ የሚገባበትን መንገድ ይቀይራል፤ በሱቁ ፊት ማለፍ ግድ ሲሆንበትም ስልክ እያናገረ ያልፋል። ደመወዝ በወጣ ማግስት ግን ያው ሰው ደረቱን ነፍቶ ሱቁ በር ላይ ይቆምና፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ «ስንት ደረሰ?» ሲል ይጠይቃል። ባለሱቁም ብሩን ቆጥሮ ገጹን ይሰርዛል፤ ከተሰረዘውም በታች በዚያው ደቂቃ የተወሰደውን አንድ ኪሎ ስኳር ይመዘግባል።

ይህን ቤተሰብ ከልቡ ሀብታም ነው ብሎ የሚያምን አንድ ሰነድ ቢኖር ፔሮሉ፣ ማለትም የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ ነው። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት እስከ 2,000 ብር ያለው የወር ደመወዝ ከግብር ነጻ ሲሆን፣ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ ግን የመጨረሻው ጣሪያ 35 በመቶ ይታሰባል፤ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮም ይከተላል። እንግዲህ 15,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ ቀን በግብር ሠንጠረዡ ከባንክ ፕሬዚዳንቶች ጋር በአንድ እርከን ውሎ፣ ማታ «አረንጓዴ በር» ወደሚለው ገጹ ይመለሳል። የደመወዝ ጭማሪ ሊደረግ ነው የሚል ወሬ ሲነሳም፣ ጭማሪው ለሠራተኛው ከመድረሱ ብዙ ቀድሞ ለሽንኩርት ነጋዴው ይደርሳል።

ዱቤ ለዳቦና ለዘይት እንጂ ለፍሪጅ አይሆንም፤ ለፍሪጅ ዕቁብ ይገባል። ዕቁብ አባላቱ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል ገንዘብ እያዋጡ የተሰበሰበውን በዕጣ በየተራ የሚወስዱበት ማኅበር ሲሆን፣ ዕጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ እንዳይሰወር ዋስ እንዲጠራ ይደረጋል። ወለድ የለውም ይባላል፤ ይህ አባባል ግን ዋጋ ባለበት በሚቆይበት ዘመን ብቻ የሚሠራ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያው ከለቀቀና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ካለፈ በኋላ፣ ዕጣው መጨረሻ ላይ የወጣለት ዕቁበተኛ ከፊተኛው አንድ ሳንቲም ያላነሰ ብር ተቀብሎ፣ ፍሪጅ እንዳሰበ ስቶቭ ይዞ ሊገባ ይችላል። ቀድሞ የወሰደው ሰው ሳያውቀው ተበዳሪ፣ የዘገየው ደግሞ ሳይወድ አበዳሪ ሆኗል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ሰብሳቢውን «እባክዎ ለኔ ይቅደምልኝ» እያሉ የሚማጸኑ እናት ስለ ዋጋ ንረት ያላቸው ዕውቀት ከብዙ ተንታኞች የሚያንስ አይመስልም።

በሥጋ ጉዳይ የኦርቶዶክስ አማኙ ቤተሰብ ዋና የበጀት አማካሪ ቤተ ክርስቲያን ናት። ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾም ለነፍስ ከሚሰጡት ጥቅም ሌላ ለኪስም ይተርፋሉ፤ የፍልሰታ ጾም በነሐሴ አጋማሽ ሲፈታ አንዳንድ አባወራ ፊቱ የሚከፋው በመንፈሳዊ ምክንያት ብቻ ላይሆን ይችላል።

የቤት ኪራይ ነገር ከዚህ የከፋ ነው። በ2005 ለ20/80 ኮንዶሚኒየም የተመዘገበ፣ ይኸውም የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ ቆጥቦ 80 በመቶውን በባንክ ብድር ሊከፍል የተዘጋጀ ሰው፣ ዕጣው እስኪወጣለት ተከራይ ነው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ በመደንገግ ይህን ሰው ሊጠብቀው አስቧል፤ ያላሰበው የአከራዩን ልጅ ነው። ይህ ልጅ ለረጅም ዓመታት ውጭ አገር የኖረ፣ ተከራዩ ውሉን ለማደስ ሲነሳ ግን ድንገት አገሩ ገብቶ ለማግባት የሚቆርጥ፣ ስለዚህም ቤቱ የግድ የሚያስፈልገው ሰው ነው። ተከራዩ ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ሲወጣ ልጁ ጉዞውን ይሰርዛል፤ ቤቱም በአዲስ ዋጋ ለአዲስ ተከራይ ይሰጣል።

የዓመቱ ትልቁ ፈተና ግን ጳጉሜ ናት። አገሪቱ 13 ወር ሲኖራት ፔሮሉ የሚያውቀው 12 ወር ብቻ ስለሆነ፣ የወር ደመወዝተኛ ለእነዚህ አምስት፣ በየአራት ዓመቱም ስድስት ቀናት አንዳች አያገኝም። ብዙ አከራዮችም ለጳጉሜ ኪራይ አይጠይቁም፤ ከላይ የተባለው እንደተጠበቀ ሆኖ ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። ልጆች ግን ጳጉሜም ቁርስ ይበላሉ። ነሐሴ 30 የተከፈለ ደመወዝ እስከ መስከረም 30 ለ35 ቀን መብቃት ሲኖርበት፣ በዚያው መሐል እንቁጣጣሽ በዶሮና በቅቤ፣ ትምህርት ቤቱ በዩኒፎርምና በክፍያ፣ መስቀልም በራሱ ወጪ ይመጣሉ። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛው በዓሉን በደስታ እንዲውል አስበው ደመወዙን በአንድ ሳምንት ያስቀድማሉ፤ ሠራተኛው አመስግኖ ከተቀበለ በኋላ ቤቱ ገብቶ ሲያሰላ ግን 35 የነበረው ቀን 42 ሆኖ ያገኘዋል። ይህን አንድ ጊዜ የቀመሱ ሠራተኞች በሚቀጥለው ዓመት «የኛን በጊዜው አድርጉልን» ብለው ሲለምኑ፣ ገንዘብ የተረፋቸው መስሎት የሚደነቅ ሒሳብ ሹም አይታጣም።