ሱኮይ ለቡሬ ገበሬ

ቢሾፍቱ ላይ አዲስ ተዋጊ ጄት በታየ ቁጥር ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በየቡና ቤቱ የግዥ ኮሚቴ ይቋቋማል። አባላቱ የጄቱን ፍጥነት በቃላቸው ይወጡታል፤ ስለ መለዋወጫ የሚጠይቅ ከተገኘ ጨለምተኛ ይባላል። ልማዱ ቢያንገበግበኝም ጥበቡን መካድ ነውር ነው። እርግጥ በኦጋዴን ጦርነት የእኛ ኤፍ-5ኢ ከሶማሊያው ሚግ-21 በፍጥነት ያንስ ነበር፤ አብራሪዎቻችን እነ ለገሰ ተፈራ ይህን የነገራቸው ስላልነበረ መሰለኝ አሸነፉ። አሜሪካ በየካቲት 1969 ወታደራዊ እርዳታዋን ስትቀንስ ምክንያት ያደረገችው ሰብዓዊ መብትን እንጂ የሞተር ጉልበትን አልነበረም። ሶማሊያን በሚግ ያስታጠቁት ሶቪየቶች ወደ እኛ ሲዞሩም ጨረታ ያወጣ አልነበረም። በ1991 የእኛ ሱኮይ ሱ-27 ከኤርትራ ሚግ-29 ጋር ሲገጥም የሁለቱም ሥሪት ከአንድ አገር ነበር። ይህ ሁሉ ግን ዝርዝር ነው፤ ዋናው ፍጥነት ነው።

ፍጥነት ዋና ከሆነ እስከ ጥጉ እንሂድበት። በጥር 2016 ይፋ የሆኑት ሁለት ሱ-30ዎች እያንዳንዳቸው 8 ሺህ ኪሎ ገደማ ይሸከማሉ፤ ማለትም 80 ኩንታል ማዳበሪያ። ከጅቡቲ ወደብ በከባድ መኪና ቀናት የሚፈጀው ዩሪያ፣ የቡሬ ገበሬ ሁለተኛውን ስኒ ሳይጨርስ ከደጁ ይወርዳል። አገሪቱ በዓመት ከ10 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ብታስገባም ለአሥር ሚሊዮኑ ብቻ 125 ሺህ በረራ ይበቃል። ሁለቱ ተካፍለው በቀን አሥር አሥር ጊዜ ቢመላለሱ የዘንድሮው አሥር ሚሊዮን ኩንታል በ17 ዓመት ተጠናቆ ይገባል፤ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ወረፋ ብዙም አይብስም። ለማረፊያ የበቆሎው ማሳ ተጠርጎ አስፋልት ይነጠፍበታል። ማሳው አስፋልት ከሆነ ደግሞ ማዳበሪያ የሚፈልግ አይኖርም፤ እጥረቱ በዚያው ተቃለለ ማለት ነው። የነዳጁን ሒሳብ ለጨለምተኞች ትቼዋለሁ።

ቀልዱ ግን ከዚህ አያልፍም። በሰኔ 2015 የአማራ ገበሬ ማዳበሪያ አጥቶ ለአቤቱታ ባሕር ዳር ድረስ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ 7 ፍኖተ ሰላም ላይ በድሮን ተፈጸመ በተባለ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰው መሞቱ ተዘገበ። ሰው የሚገድል መሣሪያ እንደ እግር ኳስ ቡድን ሲደገፍ መስማት ያስጠላኛል። «ታዲያ ግብፅ ራፋል ስትደረድር እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?» ይሉኛል። አንቀመጥ። ጄት የማያስፈልግበት ዘመን ላይ አይደለንም። ነገር ግን በብድር ነው የተገዛው በጥሬ ገንዘብ? ሻጩ ፊቱን ያዞረ ቀን መለዋወጫው ከየት ይመጣል? አብራሪው በዓመት ስንት ሰዓት ይለማመዳል? በማን ትእዛዝ፣ በማንስ ላይ ይተኩሳል? ይህን ለጠየቀ ሁሉ የመከላከያ ምስጢር ነው ይባላል። ፍጥነቱና የሚሸከመው ቦምብ ክብደት ግን ምስጢር አይደለም፤ በየስልኩ አለ።